ፋርሃ ፋራ አልነበረም

በ2003ቱ የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ፍጻሜ ክሪስ መኒሜከር ባዶ እጁን ይዞ "ኦል ኢን" አለ፤ ሳም ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ ይዞ ካርታውን ጣለ። መኒሜከር ኋላ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ቪዲዮውን አይቶ በፋርሃ የሚስቅ ብዙ ነው።

የምንስቀው ግን የሁለቱንም ካርታ ስላየን ነው ወዳጆቼ። "ሰውየው ምን ይዟል?" ብሎ አንዲት እጅ መገመት ፊልም ላይ ያምራል፤ ጠረጴዛ ላይ ጥንቆላ ነው። የሚያዋጣው "እንዲህ አድርጎ የሚያስይዝ ሰው ምን ምን ሊይዝ ይችላል? በስንት መንገድ?" ብሎ መቁጠር ነው።

እንቁጠር። ጠረጴዛው ላይ ከተገለጡት አምስት ካርታዎች ሦስቱ ስፔድ ነበሩ፤ ሁለት ስፔድ የያዘ ፋርሃን ይበልጣል። አንድ ስፔድ በራሱ በፋርሃ እጅ ስለነበረ ይህ በ36 መንገድ ይሆናል፤ ባይኖር 45 ነበር። (ብዙ ሰው የሚስተው እዚህች ጋ ነው፤ አንተ የያዝከው ካርታ ሌላው እጅ ላይ ሊኖር አይችልም።) 6፣ 8 እና 9ም ወጥተዋል፤ 10 እና 7 ወይም 7 እና 5 የያዘም ይበልጠዋል፣ እያንዳንዳቸው በ16 መንገድ። በርግጥ ከእነዚህ ብዙዎቹን ተጫዋች ከጅምሩ ይጥላቸዋል፤ እነሱን መቀነስ ነው።

በሌላ በኩል ያለው ስፔድ ጠብቆ የቀረበት ባዶ እጅ ነው። የሚያስይዘው መሐል ካለው ብር ጋር እኩል ከሆነ፣ ለመቀበል ከሦስት አንዴ ማሸነፍ ይበቃል። ታዲያ መቀመጫውን በ86 ዶላር የኢንተርኔት ውድድር ያገኘ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በፍጻሜ ጨዋታ ከሦስት አንዴ በባዶ እጁ ሁሉንም ይገፋል ብሎ ማን ያስባል? እኔም ብሆን እጥል ነበር።