የመንገድ ሐቅ ከሱቃችን ደጃፍ ይጀምራል



ውድ የከሚሴና የአካባቢዋ ወጣቶች፣ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን ለማዘጋጃ ቤት የምንተወው እንጂ ከዲናችን ጋር የምናገናኘው አይደለም። በየሱቁ ደጃፍ ስላለው የእግረኛ መንገድ ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ንግዷም በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። አስፋልቱ የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ነው። ዳሩን ደግሞ የሱቅ እቃ፣ የአሸዋና የብሎኬት ክምር፣ የቆመ ባጃጅ ይዞታል። ታዲያ እግረኛው በየት ይሂድ? ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። ልጅ ያዘለች እናት፣ ከዘራ የያዙ አባት፣ ማየት የተሳነው ወንድማችን እቃውን ለማለፍ ሲሉ አስፋልት ላይ ይወጣሉ። ከኋላቸው ሲኖትራክ እየመጣ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰሐቦችን መንገድ ላይ ከመቀመጥ አስጠነቀቋቸው። እነሱም የሚወያዩበት ቦታ በመሆኑ መተው እንደሚከብዳቸው ሲነግሯቸው፣ እንግዲያውስ ለመንገድ ሐቁን ስጡት አሏቸው። ሐቁ ምን እንደሆነ ሲጠየቁም ዓይንን መስበር፣ ሰውን ከማስቸገር መቆጠብ፣ ሰላምታ መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል መሆኑን ዘረዘሩ። ልብ በሉ፦ ሐዲሱ የመጣው ለሚቀመጡት ነው። መንገድ ዳር ተቀምጦ ማውራት ይህን ያህል ሐቅ ካለበት፣ ጠዋት እቃ ዘርግቶ እስከ መግሪብ መንገዱን ዘግቶ የሚውለው ምን ይባል?

ሌላም አለ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲከራከሩ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) 7 ክንድ እንዲሆን ፈርደዋል። ይህ ከ3 ሜትር በላይ ነው። ሊቃውንት ሲያብራሩት ልኩ ጭነት የያዘ ወጪና ገቢ ሳይጋፋ እንዲተላለፍ ታስቦ ነው ይላሉ። የባቲን የሰኞ ገበያ የምታውቁ፣ የተጫነ ግመል ስንት ቦታ እንደሚይዝ አይጠፋችሁም። ዛሬ «ስታንዳርድ» የምንለው ነገር እንግዲህ ለዲናችን እንግዳ አይደለም። መንገድ የሚለካው ዳሩ ላይ በሚሠራው ባለሀብት ፍላጎት ሳይሆን በሚያልፍበት ሰው ልክ ነው።

የአገራችን ሕግና እቅድም ወደዚሁ ያመለክታሉ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ትራንስፖርት ሚኒስቴርም በ2012 ዓ.ም ለእግረኛና ለብስክሌት ትኩረት የሚሰጥ የ10 ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል። በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም መጥቷል፤ ደሴና ኮምቦልቻ ቅርባችን ናቸው። ግን ለእኛ ደጃፍ ኮሪደር እስኪመጣ መጠበቅ አለብን? የገዛ ደረጃችንን ከመንገድ ላይ ለማንሳት በጀት አያስፈልግም።

«ሪዝቄን ልትዘጋብኝ ነው?» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ሰበቡን ካየንም፣ በመኪና እየበረረ የሚያልፍ ሰው ከሱቅህ አይገዛም። የሚገዛህ ቆም ብሎ የሚያየው፣ ጥላ አግኝቶ የሚያርፈው እግረኛ ነው። እሱን አስፋልት ላይ የገፋ ነጋዴ ደንበኛውን ነው የገፋው።

ይህን ስል ግን ማዳበሪያ ዘርግታ ሽንኩርት የምትሸጠዋን እናት አባሩ ማለቴ አይደለም። ሰፊ ሱቅ እያለው ደጃፉን መጋዘን ያደረገና የዕለት ጉርሷን ፍለጋ የተቀመጠች ድሃ እኩል አይዳኙም። ለእሷ መተላለፊያውን የማይዘጋ፣ ገዢም የማይርቀው ቦታ ይለይላት። ድሃን በማፈናቀል የሚመጣ ጽዳት በረካ የለውም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. አዲስ የንግድ ሕንፃ የምትሠሩ፣ ደረጃውን በራሳችሁ ይዞታ ውስጥ ጨርሱት። ከደረጃው ጎን በዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት ይኑር። አገሩ ሞቃት ነውና ፊት ለፊቱ ጥላ የሚሰጥ በረንዳ ቢኖረው ሶደቃ ነው።

2. የደጃፋችሁን ወለል ከጎረቤታችሁ ጋር አስተካክሉ። አንዱ ክንድ ሲያነሳ ሌላው ዝቅ እያደረገ፣ በየሱቁ መውጣትና መውረድ ለሽማግሌ ስቃይ ነው።

3. ሱቅ ያላችሁ፣ እቃችሁን ወደ ውስጥ ሰብስቡ። ክዳኑ የተሰበረ የጎርፍ ቦይ ካለ ከጎረቤት ጋር አዋጥታችሁ ክደኑት። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገር ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አትርሱ።

4. ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞች፣ ተራችሁ ከመታጠፊያና ከመስጂድ በር ራቅ ይበል።

5. የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንም አሉ። የመስጂድ ሱቅ የሚያከራይ ኮሚቴ ደጃፍ መዝጋት ክልክል መሆኑን ውሉ ውስጥ ያስገባ። በሚንበር ላይ የመንገድን ሐቅ እየተናገርን በአጥራችን ስር ያለው መንገድ ከተዘጋ ማን ይሰማናል?

ወጣቶች ሆይ፣ የነገዋን ከሚሴ የምትገነቡት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ያለ ቦታው የፈሰሰ ኮንክሪት ለ50 ዓመት እንቅፋት ይሆናል። በቦታው የተተወ መተላለፊያም ለ50 ዓመት አጅሩ ይጻፋል። ነገ ሱቅ ስትከፍቱ የመጀመሪያዋን ክር ከመወጠራችሁ በፊት በዚያ የሚያልፉትን አስቡ።

አላህ ለመንገድም ለመንገደኛም ሐቁን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!

ለሌሎችም እንዲደርስ ሼር አድርጉት።