በመጪው ዘመን ሰማዩ ባዶ ነውን?

አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ስለ መጪው ዘመን የተጻፉ ልብ ወለዶችን እየመረጠ ያነባል፤ አንብቦም ይሞግተናል። ሙግቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሰው በጠፈር መንኰራኵር ከኮከብ ወደ ኮከብ በሚመላለስበት ዘመን ሃይማኖት ምን ሥራ ይኖረዋል?

ደራሲዎቹ ራሳቸው ሃይማኖትን ፈጽመው አልሻሩትም። አይዛክ አሲሞቭ እ.ኤ.አ. በ1951 በታተመው «ፋውንዴሽን» የአቶም ኀይል ሃይማኖት ሆኖ ለጎረቤት መንግሥታት ሲሰጥ ያሳያል፤ ካህናቱ መሣሪያውን በሥርዐት ያንቀሳቅሳሉ እንጂ አሠራሩን አያውቁም። ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ዱን» የበረሃው ሕዝብ አዳኝ ይጠብቃል፤ ትንቢቱን የዘሩበት ግን ከሌላ ዓለም የመጡ ብልጦች ናቸው። በሁለቱም ዘንድ አማኙ ተታላይ ነው።

እኛ ግን ውሃ በጠብታ የሚቈጠርበትን ያንን በረሃ ስናነብ ሐሳባችን ወደ ዱብሉቅ ሄደ። ዱብሉቅ ከዚህ ከቡሌ ሆራ ወደ ሞያሌ ሲወርዱ ከያቤሎ ባሻገር ይገኛል፤ ከዘጠኙ የቱላ ኤላዎች አንዱ ያለበት ነው። በዚያ ሀገር ቋንቋ ዋቃ ማለት ፈጣሪም ነው፣ ሰማይም ነው። ስለዚህ ሰማይን መመርመር ከእምነት ጋር አያጣላም። አያንቱ የሚባሉት የቦረና ዐዋቂዎች ጨረቃ ከቡሳን (ፈረንጆች ፕሌያደስ ከሚሏቸው) እና ከሌሎች ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን ሌሊት ጠብቀው ወሩን ይለያሉ፤ የቀን ስማቸው 27፣ ወራቸው 12፣ ዓመታቸውም 354 ቀን ነው። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ቈጠራ ጽፈውታል።

ጓደኛችን ሳቀ። «ይህማ ያለፈ ዘመን ነው፤ ሀገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሳተላይት ከቻይና አስወንጭፋ የለምን?» አለን።

አዎን፣ አስወንጭፋለች፤ ደስም ብሎናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ግን አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ የቦረና ከብትም አለቀ። ትንበያ አልጠፋም ነበር። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል አምስተኛውም ወቅት እንደሚጎድል አስቀድሞ አስጠንቅቋል። አያንቱም ከብቱን አላዳኑም፤ ይህን አንሸሽግም። ልዩነቱ ሌላ ነው። አያንቱ ተሳስቷል የሚል እረኛ በሌሊት ወጥቶ፣ ያችኑ ጨረቃ በዐይኑ አይቶ ሊከራከረው ይችላል። ከሩቅ ቢሮ የመጣውን ትንበያ ግን በምን ይመረምረዋል? ወይ ማመን ነው፣ ወይ መተው።

እኛስ የተማርነው? በእጅ ስልካችን ላይ «ነገ ይዘንባል» የሚለውን ስንቀበል ስሌቱን ዐውቀን ነውን? የአሲሞቭን ካህናት የምንመስለው እኛ ነን እንጂ የዱብሉቅ ሽማግሌ አይደለም። መምህራኖቻችንን የምንለምነውም ይህንኑ ነው፦ የትንበያውን ስሌት አስተምሩን፤ አያንቱንም ወደ ፊዚክስ ክፍላችን ጋብዙልን፤ ሁለቱንም ቆመን እንጠይቃቸው።

ጓደኛችን አሁንም አልተረታም። አዲስ ጨረቃ ስትወጣ ግን ከእኛ ጋር ወደ ሜዳው ወጥቶ ቡሳንን ሊፈልግ ተስማምቷል፤ የቡሌ ሆራ ጭጋግ ከፈቀደልን።