ጫማው ቢጠብ እግር ምን አደረገ?

በእግር ጣት ላይ የሚወጣውን መጅ ብዙ ሰው እንደ ተፈጥሮ ጉድለት ይቈጥረዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቆዳ ዘወትር ሲጫኑትና ሲፈትጉት ራሱን ለመከላከል ይወፍራል፤ መጅ ማለትም ይኸው ነው። ገበሬው ከዕርፍ የተነሣ በመዳፉ ያወጣው መጅ ይጠብቀዋል እንጂ አያሳምመውም። የጣት መጅ የሚያሳምመው ግን ጫማው ጠንካራውን ቆዳ መልሶ ወደ ሥጋ ስለሚጫነው ነው።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ያሸነፈው፣ የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ግን በጫማ ሮጦ ዳግመኛ ወርቅ ወሰደ። እኛስ? ነጋዴው «ሲቈይ ይለቃል» ሲለን አምነን፣ ዋጋውን ከፍለን፣ እያነከስን ወደ ሰርግ እንሄዳለን! ይህን ስል ባዶ እግርን ማመስገኔ አይደለም፤ በደጋው ቀይ አፈር ላይ ያለ ጫማ መኖር እግርን የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣልና።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የምላጩ ነገር ነው። «መጅ ሥር አለው፤ ካልተነቀለ አይድንም» እየተባለ፣ ቅዳሜ ማታ በየቤቱ እግር ይቈረጣል። መጅ ግን ሥር የለውም። መካከሉ ላይ ያለው ጠንካራ ነጥብ በጫና ብዛት የጠጠረ የሞተ ቆዳ ነው፤ ዛሬ ቢቈርጡት፣ ጫማው እስካልተለወጠ ድረስ ተመልሶ ይመጣል። በተለይ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ፣ የደሙም ዝውውር ሊደክም ስለሚችል፣ ምላጩ ሲያቈስለው ላይሰማው ይችላል። ያ ትንሽ ቁስል አመርቅዞ እግር እስከ ማስቈረጥ ሊደርስ ይችላል። አባትዎ ወይም እናትዎ ስኳር ካለባቸው ምላጩን ይደብቁባቸውና ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ፕላስተርም ጤነኛውን ቆዳ ጭምር ስለሚበላ ለእነርሱ አይሆንም።

ጤነኛ እግር ያለው ሰው ግን በቤቱ ሊረዳ ይችላል። እግሩን ለብ ባለ ውሃ ዐሥር ደቂቃ ያህል ዘፍዝፎ፣ በእግር መፈተጊያ ድንጋይ ቀስ አድርጎ ይሸው፤ ከዚያም አድርቆ ቫዝሊን ይቀባ። በአንድ ቀን ለመጨረስ አይቸኩል።

ጫማ የሚገዙትም ወደ ማታ ይሁን፤ እግር ሲውል ያብጣልና። ሁለቱንም እግር አጥልቀው፣ ቆመው ይለኩ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይትረፍ። አንዱ እግር ከሌላው ከበለጠ፣ ልኩ የትልቁ ነው። ተረከዙ የረዘመ ጫማ እግርን ወደ ፊት እየገፋ ጣቶችን ስለሚያጨናንቅ፣ እኅቶቻችን ለሰርጉ ቢያደርጉት እንኳ ለቢሮው ዝቅ ያለውን ቢመርጡ ይሻላል። ነጋዴውም «ይለቃል» ካለ፣ እስኪ በራሱ እግር ያልቅቀውና ይሽጥልን!