መርጠን ጨረስን፣ ግድግዳው የታለ?

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያኔ ለሥዕል ወዳጆች አንድ እንግዳ ነገር ሆነ፤ የአዲስ አበባ ልጅና የሀዋሳ ልጅ እኩል ሆኑ! ሁለቱም ሥዕል የሚያዩት በስልክ ነበራ።

ሌላ ጊዜ እኩል አይደለንም። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልም፣ ዞማም፣ ብሔራዊ ሙዚየምም ያሉት ከእኛ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው። አንድ ሥዕል ለማየት የመኪና፣ የአልጋና የምሳ ብር መቁጠር አለብን።

በዚያ ሰሞን ባርሴሎና ውስጥ ሦስት የማስታወቂያ ባለሙያዎች ኢንስታግራም ላይ «የኮቪድ የጥበብ ሙዚየም» ከፈቱ። ሕንፃ የላቸው፣ ዘበኛ የላቸው። ከየአገሩ የሚላክላቸውን ሥራ እያዩ መርጠው ይለጥፋሉ፤ በቃ። አውደ ርዕይ ማዘጋጀት ማለት የአዳራሽ ቁልፍ መያዝ ሳይሆን መምረጥ ነው ለካ! ይህ እኛን ያቅተናል? በቴሌግራም ሃያ ሥዕል ሰብስቦ «ይኼ ይግባ፣ ያ ይቅር፣ ይኼኛው ከዚያ ጎን ይሁን» እያሉ መከራከር ሕንፃ አይጠይቅም።

ግን ራሳችንን አናታልል። አንደኛ፣ ኢንተርኔቱ በእጃችን አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። ሙዚየማችን ስልካችን ውስጥ ብቻ ከሆነ በሩን የሚዘጋብን ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ስልክ ሁሉን ያሳንሳል። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በመዳፋችን ስናየው ግን ከአንድ የሠርግ ፎቶ አይበልጥም።

ስለዚህ እኛ የምንለው፣ ምርጫው በስልክ ይሁን፣ መጨረሻው ግን ግድግዳ ላይ። ሠዓሊዋ አርባ ምንጭ፣ መራጩ ታቦር፣ ማብራሪያ ጸሐፊዋ አዲስ አበባ ብትሆን ምን ችግር አለው? ሥዕሎቹ ሀዋሳ መጥተው ይሰቀሉ፤ በወጣት ማዕከል፣ በካፌ፣ በትምህርት ቤት ኮሪደር። ያኔ ኢንስታግራም የሌላት እናታችንም ቆማ ታያለች፣ «ይኼ ደግሞ ምንድነው?» ብላም ትጠይቃለች።

የቤት መቀመጡ ጊዜ አልፏል፤ 275 ኪሎ ሜትሩ ግን እዚያው ነው። ሀዋሳ ውስጥ ግድግዳ ያላችሁ ሁሉ፣ የምንጠይቃችሁ አንድ ግድግዳ ለአንድ ወር ነው። ምርጫውን ለእኛ ተዉት።