ግጥሙንስ ማን ጻፈው?

የሙዚቃ አፍቃሪዎች ተሰብስበው ስለ አንድ አዲስ አልበም ሲጫወቱ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? ክርክሩ የሚሞቀው ገና ቡናው ሳይቀርብ ነው። አንዱ «ቅንብር ድሮ ቀረ» ይላል። ሌላው ባሱ ጎልቶ ድምፃዊውን እንደዋጠው፣ ሚክሲንጉ ውጭ አገር ቢሠራ ኖሮ እንዲህ እንደማይሆን ያስረዳል። ሦስተኛው የእንቁጣጣሹን ኮንሰርት የትኬት ዋጋ ያነሣል። ወጉ እንዲህ ሲደራ ሰዓቱ ያልፋል፤ ከመካከላቸው ግን አንድም ሰው «ለመሆኑ ዘፈኑ ምን ይላል? ግጥሙንስ ማን ጻፈው?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ዝምታ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም ባይ ነኝ። እኛ እኮ ዘፈንን በጆሮ ብቻ የምንሰማ ሕዝብ አልነበርንም! በአዝማሪ ቤት ታዳሚው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ እንግዳ አይደለም። «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን የሚወረውረው እርሱ ነው፤ አዝማሪውም በማሲንቆው አጅቦ ይመልስለታል። ስንኙ ቤት ባይመታ፣ ሰሙ ቢላላ፣ ወርቁ ቢጠፋ የሚያፍረው ማን ነው? ወርዋሪው ራሱ። ያ አድማጭ ተቺም ገጣሚም ነበር። የዛሬው አፍቃሪ ደግሞ ስለ ስቱዲዮ ዕቃ የማይነገረው የለም፤ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ እየወጣው፣ የወጣው ቃል የማን እንደሆነ ግን አያውቅም።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 በራስዋ ስም የተጠራውን አልበም ከፕሮዲዩሰሩ ከቢል ላስዌል ጋር አወጣች። «ዓባይ» እና «ዓድዋ» የሚሉት ዘፈኖች የሚገኙት በዚህ አልበም ነው። በ2003 ደግሞ ላስዌል ያንኑ ሥራ እንደገና ቀምሮ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ርእስ አቀረበው። ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚሰማ ጥሪ ሆነ፤ ቃላትዋም በገደል ማሚቶ ውስጥ ሟሙ። ሥራው በራሱ የሚናቅ አይደለም፤ ሌሊት ለብቻ ሆነው ሲያዳምጡት ደስ ይላል። ነገር ግን «ከዋናው ይበልጣል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ይበልጣል? ጂጂ ወንዙን እንደ ሰው ፊት ለፊት አቁማ ያናገረችበትን፣ በዓድዋ የወደቁትን ያወሳችበትን ቃል አንሥቶ ዜማውን ብቻ ማስቀረት ማርን ከሰፈፉ መለየት ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ የተጣለው ማሩ ነው እላለሁ።

የባዕድ አድማጭ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲጀምር፣ ለፓሪሱና ለኒውዮርኩ ሰው የደረሰው ትንፋሽ መሣሪያው፣ ቅኝቱና የድምፁ ቅላጼ ነበር። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ሲሆን፣ ጂም ጃርሙሽ በ2005 በፊልሙ ከተጠቀመበት ወዲህ ዝናው ዓለምን አዳርሷል። ሙላቱ ቃል ሳያስፈልገው የሚናገር ሊቅ ነውና ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ አማርኛ እያወቀ እንደማያውቅ ከሚያዳምጠው ወገኔ ጋር ነው! ቋንቋውን የማያውቀው ሰው የለመደውን አሰማም እኛም ከርሱ ተውሰን፣ የገዛ ዘፈናችንን እንደ ቱሪስት እንጎበኛለን።

እናንተስ፣ ውድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች? በመጽሐፍ የታተመ ግጥም ሲሆን ምጣኔውን ትቆጥራላችሁ፣ ዘይቤውን ትመረምራላችሁ። ያው ስንኝ ተዘፍኖ ሲመጣ «የዘፈን ግጥም እኮ ነው» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። የይልማ ገብረአብን ስንኞች በአበበ መለሰ ዜማ ስንት ሠርግ ጨፍሮባቸዋል፣ ስንት ስደተኛስ አልቅሶባቸዋል? ዓለምፀሐይ ወዳጆ በመድረክና በግጥም መጽሐፍዋ ስትመሰገን፣ ለድምፃውያን የሰጠቻቸው ግጥሞች ለምን እንደ ትርፍ ሥራ ይታያሉ? ጥቂት ሺህ ቅጂ የታተመች መድበል በስንት ሂስ ስትታጀብ፣ አገር በቃሉ የያዘው ግጥም ሐያሲ አጣ። ከዚያም «የዘንድሮ ዘፈን ግጥም የለውም» ብለን እናማርራለን። ምን ይኑረው? ዓይንና ጥርስ፣ ፍቅርና ናፍቆት በየተራ ቢደረደሩ ማን ጠየቀ? ጸሐፊው ቢደክምም ባይደክምም ስሙ የማይነሣ ከሆነ ለምን ይድከም?

ሕጉስ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ሥራ አመንጪ በስሙ እንዲታወቅ መብት ይሰጠዋል። በካሴቱ ዘመን ቢያንስ በሽፋኑ ጀርባ በደቃቅ ፊደል «ግጥም፦ እገሌ» ይባል ነበር፤ ያችን የሚያነብ ትዕግሥተኛም አይጠፋም። ዛሬ ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዛወር የድምፃዊው ስም ብቻ አብሮት ይሄዳል። ፖሊስ ገብቶ «የግጥሙ ደራሲ ማነው?» እያለ አፍቃሪውን አይመረምርም። ይህን መጠየቅ የአፍቃሪው የራሱ ፈንታ ነው፤ አንድ ዜማ ካሁን ቀደም ተሰርቆ እንደሆነ በአንድ ሌሊት አነፍንፎ የሚያገኝ ሰው ይህን ማግኘት ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

እስቲ በሚቀጥለው ኮንሰርት ልብ በሉ። ድምፃዊው በመካከል ሙዚቃውን ዝቅ ያስደርግና ባንዱን ያስተዋውቃል። ከበሮ መቺው በየስሙ ይጠራል፣ ጊታሪስቱ ይጠራል፣ ሳክስፎኒስቱ ይጠራል፤ የድምፅ ባለሙያውም ከጥግ ሆኖ እጁን ያነሣል። አዳራሹ ያጨበጭባል። የግጥሙ ደራሲ ደግሞ ምናልባት ትኬቱን ከኪሱ ከፍሎ ገብቶ፣ ከኋላ ቆሞ አብሮ ያጨበጭባል።