ፍርሃት ሲያስሮጥ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ ነው። እንደ ገጻችን ልማድ ስሙን እንለፈው፤ ስፖርቱን የሚከታተል ግን ገና ከግማሽ ሳይደርስ ያውቀዋል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካኖቹ ፉትቦል እኛ የምናውቀው በእግር የሚለጋው አይደለም። ኳሱ በእጅ ይወረወራል፣ ተቀባዩ ሮጦ ይቀልበዋል። የዚህ ሰው እንጀራ መቅለብ ነበር።

በ1962 ሚሲሲፒ ውስጥ ተወለደ፤ ያደገው እዚያው፣ ክራውፎርድ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። አባቱ ግንበኛ ነበሩ። ልጆቹም ያግዛሉ፤ ወንድሞቹ ጡብ ሲወረውሩለት እሱ እየቀለበ ያቀብላል። አንድ ቀን ከክፍል ፎርፎ ሳለ የትምህርት ቤቱ ምክትል ዳይሬክተር ከኋላው ሲመጡበት እግሬ አውጪኝ አለ። ኋላ ተይዞ ተገረፈ። ሰውዬው ግን በሩጫው ተገርመው ኖሮ ለፉትቦል አሰልጣኙ ነገሩለት። ይኸው ነው አጀማመሩ።

በ1985 ሳንፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ወሰደው። የመጀመሪያው ዓመት ታዲያ ቀላል አልነበረም፤ ኳስ ከእጁ እያመለጠ የራሱ ደጋፊ ጮኸበት። እሱ ምን አደረገ? ልምምዱን ጨመረ። ሌላው በሚያርፍበት ወራት እሱ ኮረብታ ለኮረብታ ይሮጣል። በ1987 በ12 ጨዋታ ብቻ 22 ጊዜ ኳስ ቀልቦ ተችዳውን አስቆጠረ። ምን አለፋችሁ፣ ሦስት ጊዜ የሱፐር ቦውል ባለድል ሆነ። በ20 የውድድር ዘመን 1,549 ኳስ ቀለበ፤ በ2005 በ42 ዓመቱ ሲያቆም በሊጉ ታሪክ ያን ያህል የቀለበ አልነበረም።

አሁን ወደ ቁምነገሩ እንምጣ። በ1997 በመክፈቻው ጨዋታ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ዲሴምበር ላይ ተመልሶ ሜዳ ገባ፤ በዚያው ቀን የዚያው ጉልበቱ አጥንት ተሰበረ። ምን አስቸኮለው ትሉ ይሆናል። በ2010 የታላላቆች መዝገብ ውስጥ ሲገባ ባደረገው ንግግር መልሱን ራሱ ተናገረ፤ ዕድሜ ልኩን ሲያስሮጠው የኖረው እንዳይወድቅ መፍራቱ መሆኑን ገለጸ። የሚቆጨው አንድ ነገር ደግሞ ቆም ብሎ በድሉ አለመደሰቱ ነው።

እስቲ አስቡት! ዓለም ያጨበጨበለት ሰው ጭብጨባውን በቅጡ ሳይሰማው አለፈ። ከኛም መሀል ስንቱ አለ? ቤት ሠርቶ ጨረሰ ሲባል ስለ አጥሩ የሚጨነቅ፣ ልጁ 90 ብታመጣ «አሥሩስ የት ሄደ?» የሚል። ፍርሃት ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ ይጠቅማል፣ አልክድም። ማታ አብሮ ሲተኛ ግን ጣጣ ነው።

ምክሬ አጭር ናት። አንድ ሥራ ስትጨርሱ ሌላውን ከመጀመራችሁ በፊት አንዲት ቀን ለራሳችሁ ስጡ። ከሚወዷችሁ ጋር ቡና ጠጡ፣ «ተሳካልኝ» በሉ። ኮረብታውማ የትም አይሄድ፣ ነገም እዚያው ነው።

ሳምንት በሌላ ወግ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!