ቀላል ድንኳን፣ ከባድ ሒሳብ

ድንኳን ሲባል ለአዲስ አበቤው ቀድሞ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣው የእድሩ ድንኳን ነው። ሸራው ወፍራም፣ ምሰሶው ጠንካራ፣ ለሠርግም ለለቅሶም የሚተከል፣ ክረምትም ሐሩርም የማይበግረው ድንኳን። በመርካቶና በየገበያ ማዕከሉ ብቅ ያለው ሌላው ድንኳን ግን የእድሩ ዘመድ አይደለም። ተጣጥፎ ከዣንጥላ እምብዛም በማይበልጥ ከረጢት ይገባል። ክብደቱ ከሁለት ኪሎ አይዘልም። ዋጋውም ከደህናው የካምፕ ድንኳን ጋር ሲተያይ ከእጅ አይገባም።

ታዲያ ይህ ርካሽና ቀላል ድንኳን በዓመት አንድ ሁለቴ ቅዳሜና እሑድን ላንጋኖ ወይም ወንጪ ለሚያድር ቤተሰብ ይበቃል ወይ? ነጋዴስ ገንዘቡን ሊያስርበት ይገባል? የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ “አዎ” ነው። ይሁንና ይህ “አዎ” ወቅትና ቦታ አለው። ወቅቱንና ቦታውን ሳይነግር የሚሸጥ ነጋዴ የሚያተርፈው ለአንድ በጋ ብቻ ነው።

የአንዱ ሌሊት ዋጋ

በቅድሚያ ሒሳቡ ይታይ። ለምሳሌ ያህል ርካሹ ድንኳን 4,000 ብር፣ ደህናው 20,000 ብር ነው እንበል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሌሊት የሚያድር ቤተሰብ በዓመት አራት ሌሊት ይጠቀምበታል። ርካሹ ሁለት ዓመት ብቻ ቢያገለግል ስምንት ሌሊት ይሆናል፤ አንዱ ሌሊት 500 ብር ደረሰ ማለት ነው። ደህናው ድንኳን ወደዚሁ 500 ብር ለመውረድ 40 ሌሊት መታደር አለበት። ለዚህ ቤተሰብ 40 ሌሊት ማለት አሥር ዓመት ነው።

በአሥር ዓመት ውስጥ ደግሞ ድንኳን ባይነካም ያረጃል። ውሃ እንዳያስገባ በጨርቁ ላይ የሚቀባው ፖሊዩሬቴን እርጥበት ሲያገኘው እየሟሟ ይጣበቃል፣ ይላጣል፣ ይሸታል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ለሚወጣ ሰው ውድ ድንኳን መግዛት በረንዳ ላይ ለሚቀመጥ ዕቃ ብዙ ገንዘብ ማሰር ነው። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ለርካሹ ያደላል።

የተቆጠበው ከምኑ ላይ ነው?

ነገር ግን ዋጋው የቀነሰው በተአምር አይደለም። አንደኛ፣ ጨርቁ አንድ ድርብ ነው። ደህናው ድንኳን አየር የሚያስተላልፍ ውስጠኛ ጨርቅና ዝናብ የሚመልስ የውጭ ልባስ አለው። በባለ አንዱ ድርብ የተኛ ሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ጠዋት “ድንኳኑ አፈሰሰ” የሚባለው ብዙ ጊዜ ዝናብ ሳይሆን የራስ ትንፋሽ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃ የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ ነው። ይህ አቅም በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ጨርቁ ሳያሳልፍ የሚሸከመው የውሃ ቁመት ነው። ዝናብ ይመልሳል ለመባል በተለምዶ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠቀሳል። በርካሾቹ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ከ1,000 በታች ነው፤ ጭራሽ የማይጻፍባቸውም አሉ። ስፌታቸው ከውስጥ ካልታሸገ ደግሞ ጨርቁ ቢችል እንኳ ውሃው በመርፌው ቀዳዳ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ዘንጉ ቀጭን ፋይበርግላስ፣ ካስማውም ሚስማር መሳይ ሽቦ ነው። በሐይቅ ዳር አሸዋ ላይ ነፋስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነቀለው ይኸው ካስማ ነው። አራተኛ፣ “የሁለት ሰው” የሚለው ጽሑፍ ራሱ ያሳስታል። ስፋቱ 120 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለአንዱ ሰው የሚደርሰው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሻንጣ ካለ የሁለት ሰው የተባለው የአንድ ሰው ድንኳን ነው።

ወቅትና ከፍታ

ለዚህ ዓይነቱ ድንኳን አገሪቱ ጥሩ ወቅት አላት። ከጥቅምት እስከ ጥር አብዛኛው የመሀል አገር ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ላንጋኖ፣ በእነዚህ ወራት ርካሹ ድንኳን የሚጠየቀው ነፋስን፣ ጤዛንና ትንኝን መከላከል ብቻ ነው። ይህን ይችላል።

ከፍታ ሲጨምር ግን ነገሩ ይለወጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የወንጪ ተራራ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በሰሜን ተራሮች የጨነቅ ማደሪያ ከ3,600 ሜትር ይበልጣል፤ በበጋ ሌሊትም ውርጭ አለ። እዚያ ስስ ጨርቅ ውስጥ በአንድ ብርድ ልብስ ማደር ጀብዱ ሳይሆን ሕመም መሸመት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ደግሞ ቦታው የትም ይሁን የት ይህ ድንኳን ከመደርደሪያ ባይወርድ ይሻላል። በልግም ቢሆን የሚታመን አይደለም።

ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ሲበርድ ከሰል አቀጣጥሎ ድንኳን ውስጥ ማስገባት ነፍስ ያጠፋል። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ጨርቁም ፖሊስተር ስለሆነ እሳት ሲነካው እየቀለጠ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። ቡናው ከድንኳን ውጭ ይፈላ።

ቅለቱ ለማን ነው?

ሻጮች አብዝተው የሚያወድሱት ቅለቱን ነው። እዚህ ላይ ገዢ ሊጠይቅ ይገባል። ላንጋኖ የሚወርደው ቤተሰብ በመኪና ነው የሚሄደው፤ በሰሜን ተራሮችም ጓዙን የሚሸከመው በቅሎ ነው። ሁለት ኪሎ ሆነ አምስት ኪሎ ልዩነት የለውም። ቅለቱ በእርግጥ የሚጠቅመው በአውቶቡስ ሄዶ ጓዙን በጀርባው ለሚሸከም ወጣት ነው። ለሌላው ገዢ ቅለት ማለት የሳሳ ጨርቅ ማለት ነው።

ከቅለቱ በእርግጥ የሚጠቀመው አስመጪው ነው። ኮንቴይነሩ ብዙ ቁጥር ይይዛል። ቀረጥም የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው ተደምሮ ስለሆነ፣ ቀላል ዕቃ በሁለቱም በኩል ያቀልላል። ፈተናው የመጣው ከምንዛሪው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ሲሆን አስመጪ ፊት ሁለት መንገድ ይቀርባል፤ ዋጋ መጨመር ወይም ጨርቁን ማሳሳት። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ዝናብ ሲመጣ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንዲሉ፣ ልጆቹ በውድቅት ሌሊት የራሱበት አባት ዳግመኛ ድንኳን አይገዛም፤ ለጎረቤቱም ይነግራል። ገና ዳዴ የሚል ገበያ እንዲህ ያለውን ወሬ አይችልም።

ከእድሩ የሚገኝ ትምህርት

ነጋዴ ማድረግ የሚችለው ቀላል ነው። “ለበጋ ብቻ” ብሎ ይሽጥ። የሁለቱን ሰው ድንኳን ለአንድ ሰው ነው ይበል። ሳጥኑ ላይ የውሃው መጠን ያልተጻፈበትን ዕቃ አያስመጣ። ከድንኳኑ ጋር ወፈር ያለ ካስማ፣ ወለል ላይ የሚነጠፍ ላስቲክና ገመድ ጨምሮ ቢሸጥ ትርፉ ከድንኳኑ ባላነሰ ከተጨማሪው ይገኛል። ገዢም ድንኳኑን ቤቱ በረንዳ ላይ አንዴ ተክሎ ውሃ ይርጨው፤ ሳይደርቅም አይጠቅልለው።

ገንዘብ ላለው ባለሀብት ደግሞ ሌላ በር አለ። በዓመት ጥቂት ቀን የሚፈለግ ዕቃ በየቤቱ እንደማይገዛ እድር ከጥንት ያውቃል። ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰው የ20,000 ብር ድንኳን ለአንድ ሌሊት 500 ብር ቢከራይ፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሌሊት 1,000 ብር ያስገባል፤ በ20 ኪራይ ዋጋውን ይመልሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት የሳምንት መጨረሻዎች 17 ገደማ ናቸው። ሁሉም ቢያዙ እንኳ አንድ በጋ ብቻውን አይበቃም፤ ግማሾቹ ቢያዙ ከሁለት በጋ በላይ ይወስዳል። የእጥበት፣ የጥገናና የመያዣ ገንዘብ ጣጣም አለ። ነገር ግን ተከራዩ ለአንድ ሌሊት የሚከፍለው የርካሹ ድንኳን ባለቤት ካወጣው አይበልጥም፤ የሚተኛው ግን በደህናው ድንኳን ውስጥ ነው።

እስከዚያው ርካሹ ድንኳን ለበጋና ለቆላ ይሸጥ፣ ይገዛም። የማይችለውን ይችላል ብሎ መሸጥ ግን በሰፈሩት ቁና መሰፈርን ያመጣል፤ የሚሰፍረውም የሚቀጥለው ዓመት ገበያ ነው።